በሮማ ያለው የእስጢፋኖስ ቤትና የአባቴ ዳዊት

ሰው ለልጁ ርስትና ገንዘብ፣ መልካም ስምም ለማውረስ ሲደክም ይኖራል፤ ያወረሰውን ነገር ልጁ ማንበብ ይችል እንደ ሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። እኔም ካባቴ የቀረበልኝን ሀብት ሳልቀበል ሥልሳ ዓመት ሞላኝ። ያልተቀበልሁት ሀብት ምን ያህል እንደ ነበረ ያወቅሁትም ባገሬ ሳለሁ አይደለም፤ ከባሕር ማዶ፣ በሮማ ከተማ፣ በአንዲት ትንሽ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሜ ነው። ነገሩ ለአባቶችና ለእናቶች ይጠቅም ይሆናል ብዬ ስላሰብሁ፣ ኀፍረቴን ሳልሸሽግ እንደሚከተለው ጻፍሁት። ስለ ሮማ ታሪክ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ቤቴ በአዲስ አበባ፣ ባምቢስ በሚባለው ሰፈር ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከአንድ የግሪክ ሰው መደብር ነው። ከዚያ ቍልቍል ወደ መስቀል አደባባይ ሲወርዱ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ እኛም ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል የምንነቃው በዚያ በሚሰማው ዜማ ነው። አባቴ ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሽማግሌ ናቸው። በካዛንችስ የነበረው አሮጌ ቤታቸው በእኛ አቈጣጠር በ2017 ዓ. ም. መጀመሪያ ከሰፈሩ ብዙ ቤቶች ጋር በፈረሰ ጊዜ፣ ወደ እኔ ቤት መጡ። ይዘውት የመጡት ዕቃ አንድ ሣጥን፣ አንድ መቋሚያ፣ ደግሞም በማኅደር የተቀመጠ የብራና ዳዊት ብቻ ነበረ። ያን ዳዊት ባየሁት ጊዜ ልቤ ደነገጠ፤ የደነገጠበትንም ምክንያት ከዚህ ቀጥዬ እናገራለሁ።

አባቴ በወጣትነታቸው በጎጃም ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። እኔንም በልጅነቴ ፊደል አስቈጥረው፣ መልእክተ ዮሐንስን አስጨርሰው፣ ወደ ዳዊት አገቡኝ። ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን አጠገባቸው ተቀምጬ አነብ ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት በሆነኝ ጊዜ ግን፣ በዘመናዊው ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በእጄ ከገባ በኋላ፣ አንድ ማታ «ግዕዝ እንጀራ አይሆነኝም፤ ከዛሬ ጀምሮ አልማርም» አልኋቸው። አባቴ አልገሠጹኝም፤ አልመቱኝምም። ዳዊቱን ቀስ ብለው ዘግተው ወደ ማኅደሩ መለሱት። ከዚያ ማታ ጀምሮ አርባ ስምንት ዓመት ያህል ስለ ግዕዝ በመካከላችን አንድ ቃል እንኳ አልተነገረም። እኔም ተምሬ፣ ሹመት አግኝቼ፣ ትዳር ይዤ ልጅ ወለድሁ፤ ልጄንም በባዕድ ቋንቋ በሚያስተምር ትምህርት ቤት አሳደግኋት። አማርኛን አጥርታ ትናገራለች፤ ግዕዝ የሚባለውን ነገር ግን ከስሙ በቀር አታውቀውም ነበር።

ይህችው ልጄ በሮማ ከተማ የጥንት ሕንፃዎችን የመጠገን ጥበብ ትማራለች። በታኅሣሥ ወር 2017 ዓ. ም. ልጠይቃት ሄድሁ። ከመድረሴም «አባዬ፣ በአሥራ ሰባት ቀን የትም እንዳይቀጥሩ፤ የማሳይዎ ቤት አለ» አለችኝ። ታኅሣሥ 17 በእኛ ዘንድ የእስጢፋኖስ ወርኃዊ መታሰቢያ ነው፤ በዚያ ዓመት ደግሞ በእነሱ ዘንድ ዲሴምበር 26 ሆኖ ዋለ፤ ይኸውም የሮማ ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ እስጢፋኖስን ዓመታዊ በዓል የምታከብርበት ቀን ነው። ሁለቱ አቈጣጠሮች በዚያ ዕለት በመገናኘታቸው እየተደነቅሁ ተከተልኋት። ከሁለት ቀን በፊት የኢዮቤልዩ ዓመት ስለ ተከፈተ፣ የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ካራቱ ማዕዘን በመጡ ተሳላሚዎች ተሞልቶ ነበር።

ልጄ አስቀድማ የወሰደችኝ ወደ ታላቁ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን መካከለኛ በር ነው። በሩ ከነሐስ የተሠራ ነው፤ የሠራውም ፊላሬቴ የተባለው የፍሎረንስ ሰው ሲሆን፣ የፈጸመው በ1445 ነው። የክርስቶስ፣ የእመቤታችን፣ የጴጥሮስና የጳውሎስ ሥዕል በታላላቁ ክፍል ተቀርጿል። ልጄ ግን በታላላቆቹ ሥዕሎች መካከል ወዳለው ጠባብ መስመር በጣትዋ አመለከተችኝ። በዚያ ትንንሽ ሰዎች በተርታ ተቀርጸዋል። በ1441 ስለ ሃይማኖት አንድነት በፍሎረንስ ጉባኤ በተደረገ ጊዜ፣ በኢየሩሳሌም የነበሩት የኢትዮጵያ መነኮሳት አለቃ ኒቆዲሞስ መልእክተኞችን ልከው ነበር፤ መልእክተኞቹ በፍሎረንስ ከታዩ በኋላ ወደ ሮማም መጥተዋል። ዘመኑ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። ፊላሬቴም የዚያን ጊዜውን የእንግዶች መምጣት በነሐሱ ላይ አስቀረው። ብዙ ሺህ ሰው በዚያ በር ፊት ያልፋል፤ ከነዚያ ትንንሽ ሰዎች መካከል የእኛ አባቶች እንዳሉ የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው።

ከዚያም በአንድ ኢትዮጵያዊ ካህን አማካይነት ፈቃድ ተቀብለን፣ በጠባቂዎቹ ፊት አልፈን፣ ታላቁን ሕንፃ ዞረን ወደ ጀርባው ሄድን። በዚያ ጸጥታ አለ። የቅዱስ ጴጥሮስ ጕልላት እስከ መስቀሉ ጫፍ 136 ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ቆሟል፤ ከበታቹ ደግሞ ጣራዋ ዝቅ ያለ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እንደ ልጅ ተቀምጣለች። ስምዋ በጣልያንኛ «ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ» ይባላል፤ ይኸውም የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ማለት ነው። ከአገሬ ሰፈር እስጢፋኖስ ተነሥቼ እስከዚያ ሄጄ ዳግመኛ ከእስጢፋኖስ ደጅ መቆሜ አስገረመኝ።

ስለ ሕንፃዋ ልጄ እንደ አስተማሪ ሆና ነገረችኝ። የቤተ ክርስቲያኒቱ መሠረት በጥንት ትውፊት ከ5ኛው መቶ ዓመት፣ ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 1ኛ ጋር ይያያዛል፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ታድሳለች። በዙሪያዋ ያለው ታላቁ ሕንፃ ከእርስዋ ይልቅ አዲስ ነው። ንጉሥ ቈስጠንጢኖስ በ4ኛው መቶ ዓመት ያሠራው የቀድሞው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን እየፈረሰ የአዲሱ መሠረት የተጣለው በ1506 ሲሆን፣ የተቀደሰው በ1626 ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን በአቅራቢያው የነበሩ ብዙ የጥንት ቤቶች ጠፉ፤ ይህች ግን ቀረች። ስለዚህ ዛሬ በቫቲካን ከተማ ውስጥ ቆመው ከሚገኙት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የእርስዋን ያህል ዕድሜ ያለው የለም። ይህን በሰማሁ ጊዜ የፈረሰው የካዛንችስ ቤታችን ትዝ አለኝና ጥቂት ዝም አልሁ። አንዱ ቤት ሲፈርስ ሌላው የሚቆምበትን ምክንያት ሰው ሁልጊዜ አያውቀውም።

የፊቷ ግድግዳ በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተሠራ ስለ ሆነ ቀላልና ለስላሳ ነው። በሩ ግን ከ12ኛው መቶ ዓመት የተረፈ ነው፤ መቃኑም በቅርጽ ያጌጠ ሆኖ፣ ከላይ መስቀል ያለበት በግ፣ ይኸውም የእግዚአብሔር በግ ምሳሌ ተቀርጾበታል። ልጄ ጣትዋን ወደ ድንጋዩ አስጠግታ፣ ሳትነካው፣ የጠራቢው መሮ በየት በኩል እንደ ተጀመረና በየት እንደ ዞረ አሳየችኝ። «አባዬ፣ ይህን በር ሠርተው ያቆሙት ሰዎች ሐበሾች በዚህ በር ይገባሉ ብለው አላሰቡም ነበር» አለችኝ። እውነትዋን ነው፤ በሩ ከተሠራ በኋላ ሐበሾች ቤቱን ገንዘባቸው እስኪያደርጉት ድረስ ሦስት መቶ ዓመት ያህል አልፏል።

ወደ ውስጥ ስንገባ ብርሃኑ ጥቂት ነው። በግራና በቀኝ የጥንት ዓምዶች ቆመዋል፤ ቤቱ ቀድሞ በሦስት ክፍል ተከፍሎ እንደ ነበረ የሚመሰክሩት እነዚህ ዓምዶች ናቸው። ከሥዕሎቹም መካከል በ15ኛው መቶ ዓመት በሮማ ሠዓሊዎች ሥርዓት በግድግዳ ልስን ላይ የተሣለች እመቤታችን ከልጅዋ ጋር ትታያለች። ከታላቁ የጴጥሮስ ቤት ወርቅና እብነ በረድ ለመጣ ሰው ይህ ሁሉ ድኻ ይመስለዋል። እኔ ግን ባገሬ ገጠር ካለች የደብር ቤተ ክርስቲያን የገባሁ መሰለኝ፤ የሰው ድምፅ ሳያስተጋባ በቅርብ የሚሰማባት ቤት ናትና። በዚህች ቤት እስከ ዛሬ ቅዳሴ የሚደርሰው በኢትዮጵያ ካቶሊኮች ሥርዓት፣ በግዕዝ ነው።

ሐበሾች ወደዚህ እንዴት እንደ መጡ ለአንባቢ ማስረዳት ይገባኛል። በዚያ ዘመን ያገራችን ተሳላሚዎች በግብፅ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ይወርዱ ነበር፤ ከኢየሩሳሌምም የጴጥሮስንና የጳውሎስን መቃብር ለመሳለም ባሕር ተሻግረው ወደ ሮማ የሚያልፉ ነበሩ። በ1479 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 4ኛ ቤተ ክርስቲያኒቱን አሳድሰው ለእነዚህ መነኮሳት ማረፊያ እንድትሆን ሰጧቸው። ከዚያ ወዲህ ቦታዪቱ ለመንገደኛ ዳቦና መኝታ ብቻ የሚገኝባት አልሆነችም፤ ለአውሮፓ ሊቃውንትም የግዕዝ ትምህርት ቤት ሆነች።

ለዚህ ማስረጃው የታወቀ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ከተማ ካህን በሮማ የሐበሾችን ዜማ ሰማና ቋንቋውን ለማወቅ ተመኘ፤ ከአባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤልም ተማረ። በ1513 በሮማ በግዕዝ ፊደል አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ይህ መጽሐፍ በዓለም ላይ በግዕዝ ቋንቋ ከታተሙት መጻሕፍት ሁሉ የመጀመሪያው ነው፤ መጽሐፉም ዳዊት ነው። ልጄ ይህን ስትነግረኝ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሳለሁ የተዘጋው ዳዊት በዓይነ ኅሊናዬ መጣብኝ። እኔ እንጀራ አይሆነኝም ብዬ የተውሁትን መጽሐፍ፣ አንድ የጀርመን ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ እግራቸው ሥር ተቀምጦ ተምሮታል።

ከሁሉ ይልቅ የቤቱ ስም የተጠራው በአባ ተስፋ ጽዮን ነው። እኒህ ሰው የደብረ ሊባኖስ መነኵሴ ነበሩ፤ አገራችን በግራኝ ጦርነት በምትቃጠልበት ዘመን በኢየሩሳሌም በኩል ወደ ሮማ መጡ። ፈረንጆች ጴጥሮስ ኢትዮጵያዊ ይሏቸው ነበር። በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ባገራቸው ገዳማትና መጻሕፍት በእሳት ሲጠፉ፣ እኒህ መነኵሴ በእጃቸው የነበረውን በማተሚያ አበዙት። የእትመቱ ሥራ ግን ቀላል አልነበረም፤ ፊደሉን በብረት የሚለቅሙት ሠራተኞች ግዕዝ ማንበብ አይችሉም፤ ማንበብ የሚችሉት መነኮሳት ደግሞ የማተሚያውን ጥበብ አያውቁም። ስለዚህ አባ ተስፋ ጽዮን ስሕተት ቢገኝ አንባቢ ይቅር እንዲላቸው በመጽሐፉ ለምነዋል። ሁለት ጐደሎዎች ተረዳድተው አንድ ሙሉ መጽሐፍ አወጡ። በ1552 ባረፉ ጊዜም በዚህችው በእስጢፋኖስ ቤት ተቀበሩ።

የመቃብራቸው ድንጋይ በቤተ ክርስቲያኒቱ ውስጥ ይገኛል፤ ጽሑፉም በላቲንና በግዕዝ ነው። ልጄ ድንጋዩን ባየች ጊዜ ፊትዋ በራ። «አባዬ፣ ላቲኑን እኔ ቀስ ብዬ እሞክረዋለሁ፤ ግዕዙን ግን እርስዎ ያንብቡልኝ» አለችኝ። ፊደሉን አውቀዋለሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ። ልጄ በደስታ አዳምጣ ስታበቃ «ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚህ ላይ ደረቅሁ። ከመነኵሴው ስምና ከጥቂት ቃላት በቀር ያነበብሁት ነገር አልገባኝም ነበር። አብሮን የቆመው ካህን ትርጕሙን ያውቀው ነበር፤ በልጄ ፊት እንዳያሳፍረኝ ብሎ ግን ዓይኑን ወደ ሥዕሉ መልሶ ዝም አለ። የእርሱ ዝምታ ከተግሣጽ ይልቅ ከበደኝ። ያ ድንጋይ አራት መቶ ሰባ ዓመት ያህል አንባቢ ሲጠብቅ ኖሮ፣ ሐበሻ ነኝ የሚል ሰው በፊቱ ቆሞ ድምፅ ብቻ አወጣ።

ከወጣን በኋላ በአትክልቱ መንገድ ስንሄድ ልጄ ሌላም ነገር ነገረችኝ። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ የጀርመን ሊቅ ወደ ሮማ መጥቶ በዚሁ ቤት ከነበሩት ሐበሾች ጋር ተዋወቀ። ከነዚያም አንዱ በአማራ ምድር የመካነ ሥላሴ ሰው የሆኑት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። በአገራችን የሱስንዮስ ሃይማኖት ብዙ ደም ካፈሰሰ በኋላ በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት ሲመለስ፣ ኋላም የኢየሱሳውያን ካህናት ሲባረሩ፣ አባ ጎርጎርዮስ ከስደተኞቹ ጋር የወጡ ናቸው። በ1652 በሉዶልፍ ጥሪ እስከ ጀርመን አገር ድረስ ሄደው ስላገራቸው ታሪክና ቋንቋ የሚያውቁትን ነገሩት። ሉዶልፍም ከእርሳቸው በተማረው ተመርቶ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሰጠሙ። «አባዬ፣ እኒህ ሰው የሚያውቁትን ለባዕድ ሰው ባይነግሩት ኖሮ ሁሉም አብሯቸው ይሰጥም ነበር» አለች። ይህን የተናገረችው ስለ አባ ጎርጎርዮስ ነው፤ እኔ ግን በባምቢስ ስለ ተቀመጡት ዘጠና ዓመት ስለሚጠጋቸው አባቴ ሰማሁት።

ወደ አገሬ ስመለስ የድንጋዩን ጽሑፍ ልጄ በእጅዋ ከቀዳችው ወረቀት ጋር ይዤ መጣሁ። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን፣ አባቴ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ሳለ፣ ቀርቤ ነገሩን ጀመርሁ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ማለቴን በሰሙ ጊዜ ፊታቸውን አዞሩ። «ልጄ፣ የሱስንዮስን ዘመን ረሳኸውን? በዚያ ሃይማኖት ሳቢያ ወንድም ወንድሙን ገደለ። እኔን በዚያ ቤት ምን አገባኝ?» አሉ። እኔም «አባባ፣ ቤቱ የካቶሊክ መሆኑ እውነት ነው፤ ጠቡም እውነት ነው። የዚህ ድንጋይ ባለቤት ግን ከዚያ ጠብ በፊት የሄዱ፣ የደብረ ሊባኖስ መነኵሴ ናቸው፤ ያሳተሙትም ሐዲስ ኪዳን በግዕዝ ነው» አልኋቸው። አባቴ ጥቂት አሰቡና «የደብረ ሊባኖስ ሰው ነበሩን?» ብለው ጠየቁ።

ቀጥዬም ስለ መጀመሪያው የታተመ ዳዊት ነገርኋቸው። አባቴ እንደ ፈታኝ ሆነው «መዝሙሩ ብቻ ነውን? ጸሎተ ነቢያትስ አለበትን? መኃልየ መኃልይስ?» አሉኝ። ሁለቱም እንዳሉበት በነገርኋቸው ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁና «እንግዲያውስ ጐደሎ አይደለም፤ እንደ እኛው ሙሉ ዳዊት ነው። ያስተማራቸው ሰው ሥራውን ያውቅ ነበር» አሉ። ከዚያም እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቱን ተቀበሉ፤ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ አራቁት፤ ዳግመኛም አስጠጉት። ዓይናቸው ደክሞ ስለ ነበረ ፊደሉ አልታያቸውም። ወረቀቱን መልሰው ሰጡኝና «አንብብልኝ» አሉኝ።

አነበብሁ። ገና ከመጀመሪያው መስመር አስቆሙኝ። «ይህን ጣልኸው፤ ተነሥ ነው እንጂ ተጣይ አይደለም» አሉ። ጥቂት ስሄድ ደግሞ «ሁለት ቃል አንድ አድርገህ አገጣጠምህ፤ ከዚህ ላይ ቁረጠው» አሉ። እኔ ፊደሉን አያለሁ፤ ምን እንደሚል ግን አላውቅም። እርሳቸው ምን እንደሚል ያውቃሉ፤ ፊደሉን ግን አያዩም። የሮማ ማተሚያ ሠራተኞችና አባ ተስፋ ጽዮን ትዝ አሉኝ። ልጄንም በስልክ ጠራናት፤ የላቲኑን ክፍል እርስዋ ከዚያ እየፈታች፣ የግዕዙን አባቴ ከዚህ እየተረጐሙ፣ እኔ በመካከል እያነበብሁና እየጻፍሁ፣ የዚያን ከአገሩ ርቆ የሞተ መነኵሴ ድንጋይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረዳነው። ሥራው ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አባቴ ሻይ እንኳ አልጠየቁም።

ሥራችን ካለቀ በኋላ፣ አርባ ስምንት ዓመት በአፌ የቆየውን ነገር ተናገርሁ። «አባባ፣ በልጅነቴ ግዕዝ እንጀራ አይሆነኝም ብዬ ያሳዘንሁዎን ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። አባቴ መልስ ሳይሰጡ ዳዊቱን አምጣልኝ አሉ። ከማኅደሩ አውጥቼ በጕልበታቸው ላይ አኖርሁት። በጣታቸው የብራናውን ጠርዝ እየዳሰሱ ሄደው ከአንድ ስፍራ ላይ ቆሙና ገለጡት። በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ቀይ የሐር ክር ተሰፍቶበታል፤ ቀለሙ ደብዝዟል። ስፍራው ሃምሳኛው መዝሙር ነው። «ያን ማታ የቆምህበት ይህ ነው። ስትመለስ እንዳታጣው ብዬ እናትህን አሰፍቻት ነበር» አሉኝ። እናቴ ካረፈች ሃያ ዓመት አልፏታል። ከዚህ በላይ በዚያ ማታ የሆነውን አልጽፍም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ካልሞተብን ወይም ሕመም ካልከለከለን በቀር፣ እስጢፋኖስ ማኅሌት በሚቆምበት ሰዓት እኔና አባቴ እንነሣለን፤ እኔ አነባለሁ፣ እርሳቸው ያርማሉ፤ ኋላም ትርጕሙን ይነግሩኛል። ትምህርቱ ፈጣን አይደለም። ሥልሳ ዓመት የሞላው ሰው አእምሮ እንደ ልጅ አይቀበልም፤ የዘጠና ዓመት መምህርም በአንድ ቀን ብዙ መናገር አይችልም። ልጄ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን በስልክ ትሰማናለች፤ አንዳንድ ጊዜም አያትዋ ለእርስዋ ብቻ ብለው ፊደሉን ከነዜማው ያስቈጥሯታል።

ወዳጆቼ ሆይ፤ ይህን የጻፍሁት ዘመናዊውን ትምህርት ለመንቀፍ አይደለም። ልጄ በሮማ የተማረችው ጥበብ ባይኖር ኖሮ እኔ ያን ድንጋይ አላየውም ነበር፤ እንጀራዬንም ያገኘሁት በዘመናዊው ትምህርት ነው። ነገር ግን ከቤታችን ሽማግሌ ያለን ሰዎች፣ ሽማግሌው የሚያውቀውን ጠይቀን ሳንጨርስ ጊዜው እንዳያልፍብን ያስፈልጋል። የሮማይቱ እስጢፋኖስ ቤት በዓምዶችዋ ጽናት ብቻ አልቆየችልንም፤ በውስጥዋ ያደሩት ድኾች መነኮሳት ያወቁትን ለጠየቃቸው ሁሉ ስላካፈሉ፣ ስማቸውንም በድንጋይና በወረቀት ስላኖሩ፣ እስከ ዛሬ የሐበሾች ቤት ተብላ ትጠራለች። የካዛንችሱ ቤታችን ፈርሷል፤ ቀዩ ክር ግን ከስፍራው አልተነቀለም። በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ክር ተሰፍቶ የሚጠብቃችሁ ገጽ ይኖር እንደ ሆነ፣ የሰፋው ሰው በሕይወት ሳለ ገልጣችሁ እዩት።

ዛሬ ሌሊት ሰባ ሰባተኛውን መዝሙር ጀመርን፤ ረጅም ስለ ሆነ እኩሉ ለነገ ተላልፏል። አባቴም ለነገ የምንጀምርበትን ስፍራ በጣታቸው ይዘው «ክር አምጣ» አሉኝ።